የድሮ ላፕቶፕን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው ትንሹ አዳፕተር፦ ከሦስት ወር አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

አባቴ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር ሲጽፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚጽፉበት ላፕቶፕ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲሸጥ የገዛሁት ዴል ላቲቲዩድ ዲ630 ነው። ይህ ሞዴል በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ፣ ባለ 14.1 ኢንች ስክሪን እና ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ያለው ጠንካራ ማሽን ሲሆን፣ ዕድሜው ቢገፋም ለጽሑፍ ሥራ አንድም ቀን አላሳፈረንም። እየደከመ የመጣው የአባቴ ዓይን ነው። ፊደሉን ባተለቅሁላቸው ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው መስመር እያነሰ ሄዶ፣ የአያትን ስም ሲያነቡ የልጅ ልጁ ስም ከስክሪኑ ውጭ የሚቀርበት ደረጃ ላይ ደረሱ። የዘር ሐረግ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በአንድ እይታ ካልታየ ትርጉሙ ይጠፋል።

ሳሎናችን ውስጥ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከዲሹ ሪሲቨር ጋር ተያይዞ የሚውል ነው። የአባቴን ጽሑፍ በዚያ ስክሪን ላይ ለማውጣት አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም ብዬ ተነሣሁ። ያስፈለገኝ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ቪጂኤ የተባለውን የላፕቶፑን የሥዕል መውጫ ቴሌቪዥኑ ወደሚቀበለው ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንን ዕቃ ሦስት ወር ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል ተጠቅሜበት ያየሁትን ነው። አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚህ ዕቃ ላይ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው ከዕቃው ይልቅ ከቅንብሩ የሚመጣ መሆኑን ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ምክንያት ዕቃውን ስወቅስ አሳልፌአለሁ።

ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ በቀጥታ የማይገናኙበት ምክንያት የሶኬታቸው ቅርጽ መለያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ያስተዋወቀው መስመር ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚልከው በአናሎግ፣ ማለትም ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማት ለየብቻቸው በሽቦ ይሄዳሉ፤ ድምፅ ግን አብሮ አይሄድም። ኤችዲኤምአይ ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስና ቶሺባን ጨምሮ ሰባት ኩባንያዎች ያዘጋጁት፣ የመጀመሪያው ደረጃው በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ፣ ሥዕልንም ድምፅንም በዲጂታል አንድ ላይ የሚያስተላልፍ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባው ዕቃ አናሎጉን በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ በውስጡ ሊኖረው ግድ ነው። አንዱ ጫፉ ቪጂኤ ሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ፣ በመካከሉ ምንም ነገር የሌለበት ተራ ገመድ በአንዳንድ ሱቆች ታገኛላችሁ፤ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ወደ ገበያ የወጣሁት ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ላፕቶፑን ሳያይ፣ «ጋሼ፣ ቪጂኤና ኤችዲኤምአይ የሚያገናኝ ነው አይደል? ይኸው» ብሎ አንድ ጥቁር ዕቃ በፕላስቲክ እንደታሸገ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የኤችዲኤምአዩ ጫፍ ወጣ ያለ ምላስ፣ የቪጂኤው ጫፍ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። የላፕቶፑም ቪጂኤ ቀዳዳ ስለሆነ ሁለት ሴት ሶኬት ፊት ለፊት ተፋጠጡ። የተሸጠልኝ ተቃራኒው፣ ማለትም ኤችዲኤምአይ ያለውን አዲስ ኮምፒውተር ከድሮ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር ጋር የሚያገናኘው ነበር። እነዚህ አዳፕተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ወንድ ከሴት የሚያገጣጥም ሌላ ቁራጭ ቢጨመርበት እንኳ ሥዕል አያመጣም። ስመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አሳዩኝ። አቅጣጫውን ለይቼ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ብቀበልም፣ ስሙ ተጠርቶ የተጠየቀን ነገር አቅጣጫውን ሳያጣሩ መሸጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

መለያው ቀላል ነው። ለድሮ ላፕቶፕ የሚሆነው አዳፕተር የቪጂኤው ጫፍ ወንድ ነው፤ በሦስት ረድፍ የተሰለፉ ቀጫጭን መርፌዎች አሉት፣ የኤችዲኤምአዩ ጫፍ ግን ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ከጎኑ ደግሞ ኃይል የሚስብበት የዩኤስቢ ጅራት እና ለድምፅ የሚሆን የ3.5 ሚሊሜትር መግቢያ ይኖረዋል። መርፌዎቹን ስትቆጥሩ ከ15 ይልቅ 14 ብታገኙ አትደንግጡ፤ ዘጠነኛዋ በብዙ የቪጂኤ ሶኬቶች ላይ ሆን ተብሎ የምትቀር ናት። በሁለተኛው ሱቅ ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ በራስህ ቴሌቪዥን ላይ ሞክርልኝ» አልኩት፤ ልጁም ሳያመነታ ሞከረልኝ። አዳፕተሩ 950 ብር፣ የአንድ ሜትር ተኩል ኤችዲኤምአይ ገመድ ደግሞ 400 ብር ፈጀብኝ።

ዕቃውን ቀረብ ብዬ ስመረምረው አሠራሩ ከዋጋው ጋር ይመጣጠናል። ሽፋኑ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ስም የለበትም፤ ኃይል ሲያገኝ ከሽፋኑ ሥር አንዲት ሰማያዊ መብራት ትታያለች። በቪጂኤው ጫፍ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች በጣት የሚጠብቁ ሲሆን፣ እነሱን ሳያጠብቁ መተው የብዙ ችግር ምንጭ ነው፤ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ክብደት አዳፕተሩን ወደ ታች ስለሚስበው አንዷ መርፌ በትንሹ እንኳ ከተላቀቀች ሥዕሉ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። እኔ ይህ ሲገጥመኝ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ብሎኖቹን ካጠበቅሁ ወዲህ ቀለሙ ዳግም አልተዛባም። የዩኤስቢ ጅራቱ ግን አጭር ነው፤ የዩኤስቢ ቀዳዳው ከቪጂኤው ርቆ የተቀመጠ ላፕቶፕ ያለው ሰው ማራዘሚያ መግዛት ሊኖርበት ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ጅራቱን ሳይሰኩ ሠራልን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከላይ የጠቀስኳት ዘጠነኛዋ መስመር በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ 5 ቮልት ስለምትሰጥ ቺፑ ከዚያ ሊነሣ ይችላል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን ይኸው ዕቃ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ወይም በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ ያስቸግራል። ከቴሌቪዥኑ በኩል በኤችዲኤምአይ ገመዱ ኃይል ይመጣል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው፤ በኤችዲኤምአይ ውስጥ ያለው 5 ቮልት የሚሄደው ከላኪው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ጅራቱን መሰካት ግዴታ እንደሆነ አድርጎ መያዝ ከብዙ ድካም ያድናል።

የመጀመሪያው ምሽት ቀላል አልነበረም። ሁሉንም ሰክቼ፣ ቴሌቪዥኑን በሪሞቱ ወደ ሁለተኛው ኤችዲኤምአይ አዙሬ፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኜ ሥዕሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ ባዝዝም፣ ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ አመጣ። እናቴ ዜና ሊጀምር ሲል ነበርና «ልጄ፣ ዛሬ ተወው፣ ነገ ታየዋለህ» አሉኝ። በማግሥቱ ነው ምክንያቱን ያገኘሁት። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን 1280 በ800 ነጥብ ሲሆን፣ ይህ በኮምፒውተር እንጂ በቴሌቪዥን ዓለም የተለመደ መጠን አይደለም፤ «ዱፕሊኬት» በሚለው ምርጫ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት መጠን እንዲኖራቸው ስለሚገደዱ ላፕቶፑ የራሱን መጠን ለቴሌቪዥኑ ይልካል። ይህ አዳፕተር ደግሞ የተቀበለውን መጠን ሳይለውጥ የሚያሳልፍ ነው። ቴሌቪዥኑ የማያውቀው መጠን ሲመጣበት ምንም እንዳልመጣ ቆጥሮ «ኖ ሲግናል» ይላል።

መፍትሔው «ፕሮጀክተር ኦንሊ» የሚለውን መርጦ ሥዕሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ እንዲወጣ ማድረግ፣ ከዚያም መጠኑን 1920 በ1080፣ ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበትን ፍጥነት ደግሞ 60 ሄርትዝ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው። ቀድሞ ከወፍራሞቹ ሞኒተሮች ጋር ይሠሩ የነበሩ ዴስክቶፖች ዓይን እንዳያስጨንቁ ተብሎ 75 ወይም 85 ሄርትዝ ላይ ተደርገው ይቀመጡ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር እንዳለ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት በአብዛኛው ጥቁር ስክሪን ያስከትላል። የሚፈለገው መጠን በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ፣ በዊንዶውስ 7 ላይ በስክሪን ሪዞሉሽን ገጽ «አድቫንስድ ሴቲንግስ»ን ከፍቶ «ሊስት ኦል ሞድስ» የሚለውን መጫን የተደበቁትን ሁሉ ያሳያል። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ያላቸው ሰዎች ደግሞ የስክሪናቸው ትክክለኛ መጠን ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 መሆኑን ይወቁ፤ 1366 ለ8 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል ብዙ ኮምፒውተሮች በምትኩ 1360 በ768 ነው የሚያቀርቡት፣ እሱም ይሠራል።

ሥዕሉ ከመጣ በኋላ ሥራው አላለቀም። አንድ ጎረቤታችን ተመሳሳይ አዳፕተር ገዝተው ሥዕሉ «ያሰፋል» ብለው ሲያማርሩ ሄጄ ሳየው፣ ኮምፒውተራቸው በ1024 በ768 ላይ ነበር። ይህ አራት ለሦስት የሆነ ሥዕል ነው፤ ወደ 16 ለ9 ስክሪን ሲለጠጥ የሰው ፊት ሁሉ ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል። እኔ ቤት የገጠመኝ ደግሞ ሌላ ነበር፦ የስታርት ቁልፉ ግማሹ ከስክሪኑ ግርጌ ውጭ ቀረ። ቴሌቪዥኖች ሥዕሉን በጥቂቱ አሳድገው ጠርዙን የመቁረጥ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ለፊልም ብዙም አያስታውቅም፣ ለኮምፒውተር ግን ችግር ነው። በሪሞቱ የሥዕል ቅርጽ ምርጫ ውስጥ ገብቶ እንደ ቴሌቪዥኑ ዓይነት «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት» ወይም «ዶት ባይ ዶት» የሚባለውን መምረጥ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በተጨማሪም በሥዕሉ ግራ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ቀርቶ ነበር፤ አንድ ነጭ ገጽ ሙሉ ስክሪን አድርጌ ከፍቼ አዳፕተሩን ነቅዬ ስመልሰው ቺፑ የሥዕሉን ጠርዝ እንደገና ለክቶ አስተካከለው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እመጣለሁ። ስለ እነዚህ ዕቃዎች የሚጻፉ ግምገማዎች ብዙዎቹ ፊልም አጫውተው «ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው» ብለው ያልፋሉ። ፊልም ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሆነ ጉድለትን ይሸፍናል። ጽሑፍ አይሸፍንም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያጋልጣል። በአባቴ የዘር ሐረግ ውስጥ ኃይሉ የሚባሉ አንድ አያት እና ኃይሌ የሚባሉ ወንድማቸው ተከታትለው ተጽፈዋል። ሁለቱን ስሞች የሚለያቸው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፤ በሉ ቀኝ እግር ወገብ ላይ አንዲት አጭር ጭረት አለች፣ በሌ ቀኝ እግር ግርጌ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀለበት አለች። ቴሌቪዥኑ በተሳሳተ መጠን፣ በ1280 በ720 ሲሠራ፣ ጭረቷም ቀለበቷም ደብዝዘው አንድ ዓይነት እብጠት ሆኑ። አባቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና «ልጄ፣ እዚህ ላይ ያለው ኃይሉ ነው ኃይሌ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰነዱን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። የኃይሉ ልጆች በኃይሌ ሥር ቢነበቡ አንድ ሙሉ የቤተሰብ ቅርንጫፍ ቦታውን ይስታል።

ወደ 1920 በ1080 ስቀይረው ልዩነቱ ወዲያው ታየ፤ የቀለበቷ መካከል ባዶ ሆኖ ይታይ ጀመር። ይህ የሚሆነው ከኮምፒውተሩ የሚወጣው እያንዳንዱ ነጥብ በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ነው። ቢሆንም ገና ፍጹም አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ የመሰለ ጠርዝ ነበር። ምክንያቱ የቴሌቪዥኑ «ሻርፕነስ» ለፊልም እንዲመች ከፍ ተደርጎ መቀመጡ ሆኖ አገኘሁት፤ ዝቅ ሳደርገው ጥላው ጠፋ። የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም በቴሌቪዥኑ ምናሌ ውስጥ «ፒሲ» ብዬ ስሰይመው ደግሞ በቀይ የተጻፉት ስሞች ጠርዛቸው ጠራ፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ ስም ሲሰጣቸው የቀለሙን ዝርዝር ሳይቀንሱ ያሳያሉ። በመጨረሻ ጽሑፉን ከኒያላ ወፈር ወዳለ የፊደል ዓይነት ቀየርኩት። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ፣ ብዙዎቻችን የምንወደው መልከ መልካም ፊደል ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭን መስመሮቹ በአናሎግ መንገድ ሲያልፉ ይሳሳሉ። አባቴ ሁለት ሜትር ርቀው፣ ከሶፋው ሳይነሡ፣ ኃይሉን ከኃይሌ ለይተው ያነበቡት ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው። ከዚያ ሰነዱን ወደ ላይና ወደ ታች እያስኬዱ ለአንድ ሰዓት ያህል ስም እየጠሩ ሲያነቡ፣ እናቴም አጠገባቸው ተቀምጠው የረሷቸውን የአክስቶች ስም እየጨመሩ ነበር።

ለማነጻጸር ያህል ይኸው ሰነድ ከአዲስ ላፕቶፕ በቀጥታ በኤችዲኤምአይ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ የተሻለ ነው። በአዳፕተሩ በኩል የሚመጣው ሥዕል በጣም ቀርበው ሲያዩት የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ለዓይን በጭንቅ የሚታይ መንቀጥቀጥ አለ፤ አናሎግ ሲለካ የሚፈጠር ነገር ነውና በቅንብር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከአንድ ሜትር ተኩል ራቅ ሲሉ ግን አይታይም። ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ላልመክረው እችላለሁ፤ ከሶፋ ላይ ለሚያነብ ግን ይበቃል።

ደካማ ጎኑ ድምፁ ነው። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ፣ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ አዳፕተሩ የሚሄድ አጭር ገመድ አብሮት ይመጣል፤ አዳፕተሩም ድምፁን ከሥዕሉ ጋር ቀላቅሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል። አሠራሩ መልካም ነው። ችግሩ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ከቴሌቪዥኑ ስፒከር «ዝዝዝ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ መሰማቱ ነው። ቻርጀሩን ስነቅለው ወዲያው ይጠፋል። ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም በየራሳቸው መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር ሲገናኙ በመካከላቸው በሚፈጠር ዙር የሚመጣ ነው፤ የተሻለ ጥራት ያለው አዳፕተር ሊቀንሰው ይችል ይሆናል፣ ይህኛው ግን ምንም አልቀነሰውም። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ በመሆኑ ከ40 ደቂቃ በላይ ያለ ቻርጀር አይቆይም፤ ስለዚህ መዝሙር ወይም ቪዲዮ ሲኖር የድምፁን ገመድ ከአዳፕተሩ ነቅዬ ቤት ውስጥ በነበረች ትንሽ ስፒከር ላይ በቀጥታ መሰካትን መረጥኩ። የላፕቶፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግም አያዋጣም፤ ወደ ሰማንያ በመቶ ላይ አቁሞ ቀሪውን በሪሞት መጨመር መንጫጫቱን ይቀንሳል።

በቪዲዮ በኩል ገደቡ ከአዳፕተሩ ይልቅ ከኮምፒውተሩ ነው። በፍላሽ የተቀመጠ፣ ኤች.264 በተባለው ዘዴ የታመቀ 720 መስመር ያለው የወንድሜ የሠርግ ቪዲዮ ያለ ምንም መቆራረጥ ሄዷል። ዩቲዩብ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር ከባድ በሆነ አዲስ ዘዴ ስለሚልክ፣ ከ480 በላይ ሲሆን ሥዕሉ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ በዚህ ላፕቶፕ የባንክም ሆነ ሌላ ምስጢር ያለበት ሥራ እንዲሠራ አልፈቅድም፤ ዓላማው ማንበብና ማየት ነው።

በእነዚህ ሦስት ወራት አዳፕተሩ አንድ ጊዜ ብቻ አስደንግጦኛል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ሥዕል አላመጣም፤ ላፕቶፑ በባትሪው ሳይጠፋ ቆይቷል፣ የአዳፕተሩም ሰማያዊ መብራት እንደበራች ናት። የዩኤስቢ ጅራቱን ነቅዬ ስመልሰው ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ጅራቱን መንቀልን ልማድ አድርጌዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሠራ ሽፋኑ ለብ ይላል፣ የሚያሠጋ ሙቀት ግን አይደለም። ላፕቶፑ ሲተኛ ኃይሉ ስለሚቋረጥ አብሮ ያርፋል።

ይህንን አዳፕተር ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት የኮምፒውተራችሁንና የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ በባትሪ መብራት አይታችሁ ለዩ፤ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ይገዛዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የወጡ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ ላቲቲዩድ ኢ6410 እና ቲንክፓድ ቲ410፣ ከቪጂኤው ሌላ ዲስፕሌይፖርት የተባለ መውጫ አላቸው፤ ኤችዲኤምአይ ይመስላል፣ ነገር ግን አንዱ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ ነው። እሱ ካለ ከሱ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደውን መግዛት ይሻላል፤ መንገዱ ከመነሻው ዲጂታል ስለሆነ ፊደሉ ይጠራል። ነጭ ሰፊ የዲቪአይ መውጫ ያላቸው ዴስክቶፖች ደግሞ፣ ዲጂታሉ ዲቪአይ ከሆነ፣ የሥዕሉ አላላክ ከኤችዲኤምአይ ጋር አንድ ስለሆነ ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ይበቃቸዋል፤ ለድምፁ ግን ስፒከር ማሰብ አለባቸው። ቀደም ያሉ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ራሳቸው «ፒሲ ኢን» የሚል የቪጂኤ መግቢያ አላቸውና ለእነሱ የቪጂኤ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ላለው ወፍራም ቴሌቪዥን የሚሸጠውን መቀየሪያ ግን ለጽሑፍ ብላችሁ አትግዙ፤ በዚያ ላይ ሉና ሌ ቀርቶ ለና በ እንኳ ለመለየት ያስቸግራሉ።

ቪጂኤ ብቻ ላለውና ገና ለሚሠራ ኮምፒውተር ግን 950 ብሩ አይቆጭም። ኢንቴልን፣ ዴልንና ሌኖቮን ጨምሮ ትልልቆቹ አምራቾች ቪጂኤን ቀስ በቀስ እንደሚተዉት በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያስታወቁ ቢሆንም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የሚወጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ገና ከዚያ ዘመን ናቸው። ለሥዕሉ ከአምስት አራት፣ ለድምፁ ሁለት እሰጠዋለሁ። የእኛው አሁን በቴሌቪዥኑ ጀርባ በፕላስቲክ ማሠሪያ ታስሯል፤ ክብደቱ መርፌዎቹን እንዳይስብ በላፕቶፑና በአዳፕተሩ መካከል አጭር የቪጂኤ ማራዘሚያ ጨምሬበታለሁ። አባቴ ማታ ማታ ከዜና በኋላ ሪሞቱን ወስደው ሁለተኛውን ኤችዲኤምአይ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ትናንት ማታ ስምንተኛው ትውልድ ላይ ነበሩ።